ያልደረሰውን ማወቅ

ገና ያልመጣን በሽታ «አወቅሁት» ማለት ምን ማለት ነው? ጥያቄው ከኑሮ የራቀ የፈላስፎች ነገር ይመስላል። ሆኖም እዚህ ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ፣ በቤይቪው ጎዳና በሚገኘው በሰኒብሩክ ሆስፒታል የምርምር ተቋምም ሆነ በመሰሎቹ፣ አልትራሳውንድ የእርግዝናን አደጋ አስቀድሞ እንዲያሳይ የዶክትሬት ጥናት የሚሠራ ሰው በየቀኑ የሚታገለው ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው። በዓመታት ልፋቱ ብዙ ቀመር ይጽፋል፣ ብዙ ምስል ይለካል፤ ከሥራው ሁሉ ሥር ግን አንድ ተስፋ አለ፦ ዛሬ ጤነኛ የሆነችን ሴት ዛሬ አይቶ፣ ከወራት በኋላ ምን እንደሚገጥማት መናገር። ሰው በየዘመኑ ይህን ሲመኝ ኖሯል። አሁን በቀጠሮ ወረቀት የሚገኝ ነገር ስለሆነ ነው እንግዳነቱን የረሳነው። እኔ ደግሞ ይህን እንግዳነት ሳልመረምር የመሣሪያውን ጥቅምም ሆነ ወሰን በትክክል መረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

ነገሩን በአንድ በሽታ ላይ እናቁመው። ሐኪሞች ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉት የእርግዝና የደም ግፊት ሕመም አለ። በትርጓሜው መሠረት የሚከሠተው ከእርግዝናው 20ኛ ሳምንት በኋላ ነው። የእናቲቱ የደም ግፊት 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ከዚህም ጋር በሽንቷ ፕሮቲን ይገኛል፣ ወይም እንደ ኩላሊትና ጉበት ካሉት አካሎቿ አንዱ እየተጎዳ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ይታያል። ሲከፋ ያንቀጠቅጣታል፤ እናትንም ልጅንም ሊገድል ይችላል። መነሻው ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። በጤናማ እርግዝና ከእንግዴ ልጁ የሚነሡ ሕዋሳት ወደ ማሕፀን ግድግዳ ዘልቀው ጠባቦቹን ጠምዛዛ የደም ሥሮች ያሰፏቸዋል፤ ደሙም ተረጋግቶና በዝቶ ወደ ፅንሱ ይደርሳል። ይህ መስፋት ሳይሟላ ከቀረ ሥሮቹ እንደጠበቡ ይቆያሉ፤ ለሳምንታት ግን ማንም ምንም አይሰማውም። እንግዲህ በ12ኛው ሳምንት ላይ ያለችውን ሴት ምን አላት እንበል? በሽታው አለባት ማለት አንችልም፤ በትርጓሜው ገና ሊኖርባት አይችልምና። ምንም የለባትም ማለትም አንችልም፤ ኋላ የሚጥላት ነገር ከወዲሁ ሥር እየሰደደ ነውና። በመኖርና ባለመኖር መካከል ለተንጠለጠለው ለዚህ ነገር ተመራማሪው «ተጋላጭነት» የሚል ስም ሰጥቶታል። ታዲያ ተጋላጭነት እንደ ጉበትና እንደ ደም በሰውነቷ ውስጥ ያለ ነገር ነው? ወይስ በእኛ አእምሮ ውስጥ ያለ የአለማወቃችን ልክ?

ለመመለስ ከመቸኮል በፊት ማስረጃችን ምን ዓይነት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። አልትራሳውንድ የምናየው ነገር ቢሰጠንም እርሱ ራሱ አያይም፤ የሚሠራው በመስማት ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20,000 ንዝረት በላይ አይሰማም፤ ይህ መሣሪያ ግን በሰከንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ንዝረት ያለው ድምፅ ወደ ሆድ ይልካል፣ ከዚያም ዝም ብሎ ይጠብቃል። በልጅነታችን ገደል አፋፍ ላይ ቆመን ስንጮህ፣ ድምፃችን ተመልሶ እስኪመጣ በቆየው ልክ የማዶውን ርቀት እንገምት እንደነበረው፣ መሣሪያውም ከመመለሻው ጊዜ ተነሥቶ ጥልቀትን ይገምታል። ድምፁ ሄዶ ለመመለስ ከሰከንድ አንድ አሥር ሺኛውን ከወሰደበት፣ ያንጸባረቀው ነገር 7.7 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ አለ ይላል። ይህን የሚለው ግን ድምፅ በሰው ሥጋ ውስጥ ሁልጊዜ በሰከንድ 1,540 ሜትር ይጓዛል ብሎ አስቀድሞ ስላመነ ነው። እውነቱ እንዲህ ወጥ አይደለም፤ በስብ ውስጥ ይዘገያል፣ በጡንቻ ውስጥ ይፈጥናል፤ አካልም ከአካል ይለያል። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ ያለው ግራጫ ምስል ሲጀመርም የታመነ ነገር አለበት፤ ስለ ሰው ሁሉ የተነገረ አማካይ በአንዲት ሴት ሆድ ላይ ተተርጉሞ የቀረበ ነው። ብዙ የዶክትሬት ጥናቶች የሚደክሙት ይህን እምነት ለማረም ነው፤ እምነቱን ጨርሶ የሚያስወግድ ግን የለም። ያለ አንዳች ቅድመ እምነት የሚመለስ ድምፅ ሁሉ ጫጫታ ብቻ ይሆናልና።

ከምስሉ ወደ ደሙ ስንሻገር ግምቱ በአንድ ደረጃ ይጠልቃል። የፊዚክስ ሊቁ ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 በፕራግ ስለ ጥንድ ከዋክብት ቀለም ሲያስብ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚልከው ሞገድ እንደሚቀርበንና እንደሚርቀን ይለዋወጣል ብሎ ነበር። ያ ሐሳብ ዛሬ በማሕፀን ደም ወሳጅ ሥር ውስጥ የሚሮጠውን ደም ለመለካት ያገለግላል። ልብ በመታች ቁጥር ደሙ ይገፋል፤ በሁለት ምት መካከል ደግሞ ይረግባል። ከፊቱ ያሉት ጥቃቅን ሥሮች ሰፍተው ከሆነ በእረፍቱም ጊዜ መፍሰሱን አያቋርጥም፤ ጠበው ከሆነ ፍሰቱ በእረፍቱ ጊዜ ይሳሳል። በእትብት ውስጥ ባለው ሥር ላይ ደግሞ በእረፍቱ ጊዜ ደሙ ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይም ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ እንግዴ ልጁ እየደከመ እንደሆነ የሚያስጠነቅቅ ከባድ ምልክት ነው። ልብ እንበል፦ መሣሪያው በሽታውን አላየም፤ ጠባቦቹን ሥሮችም አንድ በአንድ አላየም። የሰማው የድምፁን መለዋወጥ ነው፤ ከዚያ ፍጥነት ተሰላ፣ ከፍጥነቱ መቋቋም ተገመተ፣ ከመቋቋሙ የሥሮቹ ጥበት፣ ከጥበቱ የወደፊቱ ሕመም። እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት አለው፤ እያንዳንዱም ጥርጣሬ ይዞ ይሻገራል። «ታየ» የምንለው ነገር በእውነቱ ረጅም ፍርድ ነው።

ፍርዱ በመጨረሻ በቁጥር ይሰጣል፤ ሌላው ችግር የሚነሣውም ከዚህ ነው። «ተጋላጭነትሽ ከመቶ አንድ ነው» የተባለች ሴት ምን ተነገራት? እርሷ መቶ ሰው አይደለችም። እርሷን መቶ ጊዜ አስረግዞ መቁጠር አይቻልም፤ ይህ እርግዝና አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነው፣ በሽታውም ወይ ይመጣል ወይ አይመጣም። ቁጥሩ እውነት የሚሆነው እርሷን በሚመስሉ ብዙ ሴቶች ላይ ሲሆን፣ «እርሷን የሚመስሉ» የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ተመራማሪው ነው፤ በዕድሜዋ፣ በደም ግፊቷ፣ በደሟ ውስጥ ባለው ንጥረ ነገር፣ በደም ሥሮቿ ሞገድ። ስለዚህ ስለ ራሷ የተነገራት ነገር በአንድ በኩል ስለ ሌሎች ሴቶች የተሰበሰበ ትዝታ ነው። ይህ ግን ባዶ ያደርገዋል ማለት አይደለም። እኛም ስለ ነገ የምናውቀው ሁሉ ሌሎች ካለፉበት የተወረሰ ነው። አንዲት አያት ለልጅ ልጇ «እግርሽ ሲያብጥ፣ ራስሽን ሲያምሽ ዝም አትበይ» ስትል፣ ያየቻቸውን ሴቶች ሁሉ በአንድ ቃል ሰብስባ መስጠቷ ነው። ልዩነቱ፣ የአያት ምክር ከነሐዘኑና ከነፊቱ ይመጣል፤ ቁጥሩ ግን የመጣባቸውን ፊቶች አውልቆ ነው የሚደርሰን።

አሁን ወደ ጥያቄው እምብርት ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ትልቅ የአውሮፓና የእስራኤል ጥናት ነበር። በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት፣ በማሕፀን የደም ሥሮች የዶፕለር ልኬትና በሌሎች ምርመራዎች ተጋላጭ ናቸው የተባሉ 1,776 ሴቶች በዕጣ ተከፈሉ፤ ገሚሶቹ በየምሽቱ 150 ሚሊግራም አስፒሪን ወሰዱ፣ ገሚሶቹ ምንም መድኃኒት የሌለበትን ክኒን። በሽታው ከ37ኛው ሳምንት በፊት እንዲወልዱ ያደረጋቸው ሴቶች ባዶውን ክኒን ከወሰዱት ከመቶ 4.3 ሲሆኑ፣ አስፒሪን ከወሰዱት ከመቶ 1.6 ነበሩ። ይህን በሺህ ሴቶች እንቁጠረው። ባዶውን ክኒን ከወሰዱ ሺህ ሴቶች 43ቱ እንዲህ ይታመሙ ነበር፤ አስፒሪኑን ከወሰዱ ሺህ ሴቶች 16ቱ ታመሙ፤ 27ቱ ዳኑ ማለት ነው። እነዚህ 27 ሴቶች እነማን ናቸው? ማንም አያውቃቸውም። ሐኪሙ ሊያሳያቸው አይችልም፤ ተመራማሪው ስማቸውን አያውቅም፤ እነርሱም ራሳቸው እንደዳኑ አያውቁም። መድኃኒቱን ባይወስዱም እንዲህ ከማይታመሙት 957 ሴቶች ጋር ተቀላቅለው፣ ልጃቸውን ታቅፈው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። እነዚያ 957ቱ ደግሞ «ተጋላጭ ነሽ» የሚለውን ፍርሃት ለወራት ተሸክመው፣ ሊመጣባቸው ላልነበረ ነገር ክኒን ውጠዋል። የዳነችውም በከንቱ የፈራችውም ፊታቸው አንድ ነው።

አስቀድሞ የማወቅ ትልቁ ተቃርኖ ይህ ይመስለኛል፦ እውቀቱ በተሳካ ቁጥር የራሱን ማስረጃ ያጠፋል። ከኛ ይልቅ ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ሊኖር አይገባም ነበር፤ በየዓመቱ ከዐቢይ ጾም አስቀድመን ሦስት ቀን የነነዌን ጾም የምንጾመው ያልደረሰን ጥፋት እያሰብን ነውና። ዮናስ ነነዌ ትጠፋለች አለ፤ ሰዎቹ ሰሙት፣ ማቅ ለበሱ፣ ከተማዪቱም ዳነች። ታዲያ የተናገረው እውነት ነበር ወይስ ሐሰት? ዮናስ ራሱ ቃሌ ሳይፈጸም ቀረ ብሎ እስከ ሞት ድረስ አዘነ። ሐዘኑን መረዳት አይከብድም፤ ቃሉ ከመሬት ወድቆ የቀረ መስሎታልና። ነገር ግን ያልተረዳው ነገር አለ፤ ትንቢቱ የተላከው እንዲፈጸም ሳይሆን እንዲሰማ ነበር። የእርግዝናን አደጋ አስቀድሞ የሚያመለክት ምስልም ከዚህ ወገን ነው። «ትታመሚያለሽ» ያላት ሴት ባትታመም፣ ምስሉ ተሳሳተ ወይስ ሠራ? ከአንዲቱ ሴት ታሪክ ብቻ ተነሥቶ መልስ መስጠት አይቻልም። መልሱ የሚገኘው ሺህ ሴቶችን ከሺህ ሴቶች ጋር በማነጻጸር ነው፤ ለዚህም ነው አሰልቺ የሚመስለው የጥናት ቆጠራ በውስጡ የምሕረት ሥራ ያለበት። ማንም የማያመሰግነውን ማዳን የሚያይልን እርሱ ብቻ ነው።

ከዚህ ሌላ ጥያቄ ይወለዳል፦ ይህ እውቀት የማን ነው? በዚህ ከተማ ለምርመራ የገቡ የአገሬ ሴቶች አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩኛል። ክፍሉ ጨለም ይላል፤ ባለሙያዋ ቀዝቃዛውን ቅባት ሆድ ላይ ታፈሳለች፣ መሣሪያውን ወዲያና ወዲህ ትመራለች፣ ትለካለች፣ ትጽፋለች። እናቲቱ «ደህና ነው?» ስትል፣ «ሐኪምሽ ይነግርሻል» ትባላለች። ሥርዓቱ ምክንያት አለው፤ የለካ ሁሉ ፍርድ እንዳይሰጥ፣ ያልበሰለ ቃል እናትን እንዳያስደነግጥ ነው። ሆኖም በዚያች ሰዓት የሚሆነውን እናስብ። ስለ እርሷ የሚታወቅ ነገር በክፍሉ ውስጥ አለ፤ እርሷ ብቻ አታውቀውም። ከዚህ መሣሪያ በፊት ስለ ማሕፀኗ ከእርሷ የሚቀድም ምስክር አልነበረም፤ ፅንሱ መንቀሳቀሱን የምታውቀው እርሷ ነበረች፣ አዋላጇም የምትጠይቀው እርሷን ነበር። ዛሬም ቢሆን የልጁ እንቅስቃሴ ቀነሰብኝ የምትል እናት ቃል ሐኪም ሊንቀው የማይገባ ምልክት ነው። አልትራሳውንዱ እርሷ ልትሰማው የማትችለውን የደም ሥር ሞገድ ስለሚሰማ እውቀቷን ያሰፋል፤ ዓይን ሁሉ ከፊቷ ወደ ስክሪኑ ሲዞር ግን ምስክርነቷን ያሳንሳል። ስለዚህ አስቀድሞ ማወቅ የሚለካው በትክክለኛነቱ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ወደ ባለቤቱ መመለሱም የእውቀቱ አካል ነው።

እስከዚህ ድረስ እውቀቱን የሚከተል እጅ እንዳለ ቆጥሬ ነው ያሰብሁት፤ አስፒሪን የሚያዝ ሐኪም፣ ግፊት የሚለካ ነርስ፣ አደጋ ሲመጣ በሰዓቱ የሚያዋልድ ቀዶ ሐኪም። እጁ ባይኖርስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትነሣ መክሯል። በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ በጓቲማላ፣ በኬንያ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ ገጠሮች ደግሞ ለጤና ጣቢያዎች መሣሪያውን ሰጥቶ፣ ባለሙያዎችን አሠልጥኖ፣ ካልተሰጣቸው ጋር ያነጻጸረ ሰፊ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። የእናቶችና የጨቅላዎች ሞት በመሣሪያው ምክንያት አልቀነሰም። ከዚህ አጠገብ አንድ የኢትዮጵያ ታሪክ ላቁም። በጉራጌ በሚገኘው በአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የእናቶች ማቆያ ተከፈተ፤ ቀደም ሲል በቀዶ ጥገና የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ ቤቷ ከመንገድ የራቀ ሴት ምጧ ከመምጣቱ በፊት መጥታ በሆስፒታሉ ግቢ ትጠብቃለች። በዚያ ዘመን በእጅ በሚያዝ አልትራሳውንድ የሚመረምር አልነበረም። በአንድ በኩል ምስል ኖሮ ለውጥ ያልመጣበት፣ በሌላ በኩል ያለ ምስል ለተጋላጭነት አልጋ የተዘጋጀበት። ከሁለቱ የትኛው ነው «አስቀድሞ ማወቅ» ሊባል የሚገባው?

ምስሉ ዋጋ የለውም ወደሚል መደምደሚያ መሮጥ ግን ስህተት ነው። እንግዴ ልጁ በማሕፀን አፍ ላይ መቀመጡን የእናት ስሜትም የአያት ልምድም ሊናገር አይችልም፤ አልትራሳውንድ ግን ያሳያል፣ ያችን ሴት ደም ሳያፈስሳት ወደ ማቆያው መላክ ይቻላል። ማቆያው ማንን መጠበቅ እንዳለበት በምስሉ ይበልጥ ያውቃል፤ ምስሉም ማቆያው ሲኖር ትርጉም ያገኛል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከ100,000 ሕያው ልደት የሚሞቱት እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው 871፣ በ2016ቱ 412 ነበሩ። በነዚያ ዓመታት መካከል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ቀበሌ ወርደዋል፣ ወደ ጤና ተቋም መጥተው የሚወልዱ እናቶች በዝተዋል። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያሉት እናቶችም እንደ 27ቱ ሴቶች ስም የላቸውም፤ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ በመካከላችን ይመላለሳሉ፣ እኛም አናውቃቸውም። ዛሬ በተወሰኑ ጤና ጣቢያዎች አዋላጅ ነርሶች በእጅ በሚያዝ አልትራሳውንድ ይመረምራሉ። ነርሷ አደጋውን ባየችበት ቀን አምቡላንስ ካለ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ በሆስፒታሉ ደምና ቀዶ ሐኪም ከተገኘ፣ ያየችው ነገር እውቀት ይሆናል። ይህ ሁሉ ከሌለ በእናቲቱ ላይ የተጨመረው ፍርሃት ብቻ ነው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይቀርብብኛል። «ምንም ባናደርግለትም የምናውቀው ነገር እኮ አለ፤ የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆንበትን ቀን የሚያሰላ ሰው ግርዶሹን ባያስቀርም ያውቃል። እውቀትን ከእርዳታ ጋር ለምን ታስራለህ?» የሚል። ተቃውሞው ስለ ግርዶሽ ልክ ነው። ጨረቃ ስለ እርሷ የተነገረውን አትሰማም፤ ብትሰማም መንገዷን አትለውጥም። ስለ ሰው የወደፊት ዕጣ የሚነገር ነገር ግን በተነገረበት ቅጽበት የዚያ ዕጣ አካል ይሆናል። የተነገራት ሴት ትፈራለች ወይም ትጠነቀቃለች፤ ሐኪሙ ያዝዛል ወይም ዝም ይላል፤ ቤተሰቡ ይሰበሰባል ወይም ይበተናል። ቁጥሩ ከተነገረ በኋላ ያለው ዓለም ከመነገሩ በፊት ከነበረው ዓለም ይለያል፤ ስለዚህ ትንበያው እውነት ሊሆን የሚችለው ቀጥሎ የሚደረገውን ጨምሮ ሲነገር ነው። «ማንም ካልረዳሽ ይህ ይደርስብሻል» የሚል ቃል፣ በውስጡ «ማን ይረዳታል?» የሚል ጥያቄ አለበት። ተጋላጭነት በሰውነቷ ውስጥ ነው ወይስ በአእምሯችን ብዬ ላነሣሁትም ጥያቄ ከዚህ የተነሣ ሦስተኛ መልስ ይታየኛል፦ ከፊሉ በደም ሥሮቿ ውስጥ፣ ከፊሉ በአለማወቃችን፣ ከፊሉም በእርሷና በሚደርሱላት ሰዎች መካከል ባለው ርቀት ውስጥ ነው። ያው የደም ሥር ሞገድ ያላቸው ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ቤይቪው ጎዳና፣ አንዷ ከመኪና መንገድ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ርቃ ብትኖር፣ ተጋላጭነታቸው አንድ አይደለም።

የመሣሪያው ታሪክም ይህን ያስተምረኛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የፊዚክስ ሊቁ ፖል ላንዥቫን በውኃ ውስጥ ድምፅ ልኮ የሚመለሰውን ያዳምጥ የነበረው የጠላትን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ለማግኘት ነው። በኋላም የብረትን ስንጥቅ የሚፈልግ የፋብሪካ መሣሪያ ሆነ፤ ግላስጎው ላይ ሐኪሙ ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ ወደ ሴቶች ሆድ አዙረውት እ.ኤ.አ. በ1958 ውጤታቸውን አሳተሙ። ሰኒብሩክም የተሠራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች ነበር፤ ዛሬ አደገኛ እርግዝና ያለባቸው እናቶች የሚወልዱበት ነው። የሚመለሰው ድምፅ ያው ነው፤ የተሰወረውን ያገኘ ሰው ሊያደርግ ያሰበው ግን ተለውጧል። የማሚቶውን ትርጉም የሚወስነው የአድማጩ ዝግጁነት ነው።

ስለዚህ በዚህ ከተማ ስለ አልትራሳውንድ የዶክትሬት ጥናት የሚጽፍ ወጣት፣ ኢትዮጵያዊም ቢሆን ሌላ፣ በጥናቱ ውስጥ አንድ ምዕራፍ እንዲጨምር እመኛለሁ። የምስሉን ጥራት፣ የስህተቱን ልክ፣ የቀመሩን ኃይል ካስረዳ በኋላ፣ «ይህን ያየ ሰው በሚቀጥለው ሰዓት ምን ያደርጋል? ባይችልስ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም የሌላ ሙያ ጉዳይ ነው ብሎ አይተወው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የቶሮንቶና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ባላቸው ትብብር መምህራን ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ከአገራቸው ሳይወጡ እንዲሠለጥኑ የሚደክሙት ለዚሁ ይመስለኛል፤ ምስሉ በታየበት ቦታ መልስ የሚሰጥ ሰው እንዲኖር። ያልመጣን በሽታ ማወቅ ማለት፣ እኔ እስከተረዳሁት፣ ለአንዲት ሴት ቃል መግባት ነው፤ ቃሉን የሚጠብቅ እስካልተገኘ ድረስም ጥናቱ አላለቀም።